ከ«ስንት ካሬ ነው?» በፊት

ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት የፊኒሺንግ ዕቃ ሱቆች በአንዱ ባልና ሚስት በሴራሚክ መደርደሪያዎች መካከል ቆመዋል። ሚስት ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዛለች፤ በእስክሪብቶ የተሳለ የቤት ንድፍ ነው፣ በየክፍሉ ሜትሩ ተጽፎበታል። ባል ቲክቶክ ላይ ያየውን የሌላ ሰው ሳሎን ለሻጩ ሊያሳይ ስልኩን እየጎረጎረ ነው። ሻጩ በአንድ ጆሮው ከመጋዘን ጋር ያወራል፣ በሌላው እነሱን ይሰማል።

«ስንት ካሬ ነው እህቴ?»

«ሳሎኑና ሁለቱ መኝታ ቤት አንድ ላይ አርባ።»

«እንግዲያው ስድሳ በስድሳ ውሰዱ። የሚያብረቀርቀው ይሻላችኋል፤ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚወስደው።»

«በካሬ ስንት ነው?»

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

ከዚህ በኋላ የቀረው ንግግር ሒሳብ ብቻ ነው። ትንሽ ይከራከራሉ፣ ትንሽ ይቀነስላቸዋል፣ ቀብድ ይከፈላል። ጠቅላላ ጉዳዩ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሻጩ አልተቆጣም፣ አላመናጨቀም፤ እንዲያውም ሲወጡ «በደስታ ኑሩበት» ብሎ መርቋቸዋል። መስተንግዶ ማለት ይህ ከሆነ እንከን አይወጣለትም።

ቤታቸው ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ግን አልጠየቃቸውም። ማን እንደሚያነጥፈው፣ ከሥር ያለው ሲሚንቶ ደልዳላ ይሁን አይሁን፣ ቤት ውስጥ ጉልበታቸው የደከመ እናት ወይም ድክ ድክ የሚል ልጅ ይኑር አይኑር፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉት ወይስ በባልዲ ውሃ ይጠቡት፣ አንዱም አልተነሣ። ከስድስት ወር በኋላ ባልና ሚስቱ በወለላቸው መደሰታቸውን ወይም መብሰክሰካቸውን የሚወስነው ይኸው ያልተነሣው ነገር ነው።

ስለ ደንበኛ አያያዝ ሲወራ አብዛኛው ነጋዴ የሚታየው ሶፋ፣ ማኪያቶ፣ ያማረ መብራትና «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጥቅስ ነው። አይጠላም። በወለል ንግድ ግን ፈገግታ ከሁሉ መጨረሻ የሚመጣ ይመስለኛል። ጤፍ የሚገዛ ሰው ጤፍ ያውቃል፤ ዘግኖ በመዳፉ ያሻል፣ ያሸታል፣ ማኛውን ከሠርገኛው ይለያል። ወለል ግን አንድ ሰው በዕድሜው አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ የሚገዛው ነገር ነው፤ ሻጩ ደግሞ በየቀኑ ይሸጠዋል። እንዲህ በተራራቀ እውቀት መካከል ከሻጭ የሚጠበቀው ትልቁ አገልግሎት ገዢው መጠየቅ ያለበትን፣ ግን የማያውቀውን ጥያቄ ራሱ ማንሣት ነው።

የዛሬው ገዢ ያደገበትን ወለል ማስታወስ ይጠቅማል። ገጠር ያደገው የዳኸው እበት በተለቀለቀ መሬት ላይ ነው፤ ለበዓል ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል፣ ሲሰነጠቅ እናት መልሳ ትለቀልቀዋለች። ከተማ ያደገው ሊሾ ያውቃል፤ ፕላስቲክ ምንጣፍ የለበሰ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ። አሮጌ ትልልቅ ቤት ውስጥ የኖረ ደግሞ የጣውላውን ጩኸትና የቴራዞውን ቅዝቃዜ አይረሳም። እነዚህ ሁሉ አንድ ደግ ጠባይ ነበራቸው፤ ሲበላሹ እዚያው ይጠገናሉ። የሴራሚክና የላሚኔት ጉድለት እንዲህ አይታለፍም፤ ስሕተቱ የሚሠራው ከመነጠፉ በፊት ነው፣ የሚታየው ግን ከተነጠፈ በኋላ።

ነገሩን አጣዳፊ ያደረገው ኮንዶሚኒየም ነው። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ዓመታት የቆጠበ ሰው ዕጣ ወጥቶለት ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ የሚረከበው ቤት ብዙውን ጊዜ ወለሉ ሲሚንቶ ብቻ ነው። ማጠናቀቁ የባለቤቱ ዕዳ ነው። የባንኩ ክፍያ፣ ገና ያልለቀቀው የኪራይ ቤትና የወለሉ ወጪ በአንድ ወር ይገጣጠሙበታል። እንዲህ ያለው ገዢ ሱቅ የሚገባው ቸኩሎም ፈርቶም ነው። ሻጭ ያለውን ይሰማል፣ «ሰው ሁሉ የሚወስደውን» ይወስዳል።

እስቲ ካርቶኑን እንየው። በጎኑ ላይ ከፋብሪካው ስምና ከመጠኑ ሌላ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች ይታተማሉ፤ አንዱ የቀለሙን ድምቀት ማለትም ቶኑን፣ ሌላው ትክክለኛ ልኩን ማለትም ካሊበሩን ያመለክታል። ፖርሰሊን የሚተኮሰው 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ነው። አፈሩ ጥቂት ቢለይ፣ የምድጃው ሙቀት ጥቂት ቢዋዥቅ፣ ከአንዱ ተኩስ የወጣው ከሌላው ጋር በቀለምም በልክም ፍጹም አንድ አይሆንም። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ለይቶ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ የታተመው ለሻጩና ለገዢው ነበር፤ ነገር ግን መጋዘን ውስጥ ካርቶኖቹ ሲከመሩ ማንም አያየውም።

ማንኛውም ሴራሚክ ሠሪ የሚከተለውን ታሪክ ያውቀዋል። ሥራው ሊያልቅ ሲል ሦስት ካርቶን ይጎድላል። ባለቤቱ ወደ ሱቁ ይሮጣል። «ያው ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም» ተብሎ ይሰጠዋል፤ ሱቁ ውስጥ እውነትም ያው ይመስላል። ቤት ገብቶ ከተነጠፈ በኋላ፣ የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ፣ ሳሎኑ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል፤ ከሶፋው ወዲህ ነጭ፣ ከሶፋው ወዲያ ክሬም። ካሊበሩም የተለየ ከሆነ መስመሩ ግድግዳ እስኪደርስ ይዛነፋል። ባለቤቱ ሠሪውን ይረግማል፣ ሠሪው ሱቁን፣ ሱቁ ፋብሪካውን።

መጉደሉ ራሱ የሚመጣው ከመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አርባ ካሬ የለካ ሰው አርባ ካሬ ከገዛ አይበቃውም፤ በየግድግዳው ሥር ይቆረጣል፣ ይሰበራል፣ ለዞኮሎ፣ ማለትም ለግድግዳው ሥር ጠርዝም ይወጣል። ለቀጥታ ንጣፍ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ በሰያፍ ለሚነጠፍ ወደ 15 በመቶ መጨመር የሙያው ልማድ ነው። ስድሳ በስድሳው አብዛኛውን ጊዜ አራት አራት ሆኖ ይታሸጋል፤ አንድ ካርቶን 1.44 ካሬ ማለት ነው። አርባው ላይ 8 በመቶ ቢጨመር 43.2 ካሬ፣ ልክ 30 ካርቶን ይሆናል። ሻጩ ይህን በስልኩ በአንድ ደቂቃ ያሰላዋል። ችግሩ ሒሳቡ ላይ አይደለም፣ ጥርጣሬው ላይ ነው፤ «ጨምር» ያለውን ሻጭ ገዢው «ሊያስበዛብኝ ነው» ይለዋል። ስለዚህ ጭማሪውን የሚመክር ሱቅ በዚያው አፍ ሌላም መናገር አለበት፦ ያልተከፈተ ካርቶን ከተረፈ እስከዚህ ቀን ድረስ እንቀበላለን፣ አንዱን ግን ለጥገና አስቀምጡት። የመመለሻው ቃል ከሌለ ምክሩ ምክር አይመስልም።

ያው 30 ካርቶን ክብደትም አለው። የስድሳ በስድሳ ፖርሰሊን አንዱ ካርቶን 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ በድምሩ 9 ኩንታል። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ኮንዶሚኒየም ሰፈር ዕቃ ያስገባ ሰው የጫኝና አውራጅን ነገር ሊነገረው አያስፈልግም። አይሱዙው ገና ሳይቆም ይከበባል፤ ዋጋው በድርድር ሳይሆን በትእዛዝ ይነገራል፤ ራሴ ልሸከም ማለት ጠብ መጋበዝ ነው። ገዢው ሱቅ ውስጥ ተከራክሮ ያገኛትን ቅናሽ ደረጃው ሥር ያስረክባል። ሱቁ ይህን አያስቆመውም፤ ግን ቀድሞ ሊነግረው ይችላል። ዋጋውን እስከ ግቢው በርና እስከ ፎቁ ብሎ ለያይቶ መናገር፣ መንገድ ላይ የተሰበረው የማን ዕዳ እንደሆነ ሳይጫን በፊት መጻፍ ከባድ አይደለም። ወደ አንድ ሰፈር በየሳምንቱ ዕቃ የሚልክ ሱቅ ከጫኞቹ ጋር ቋሚ ዋጋ የመነጋገር አቅምም አለው። በዕድሜው አንዴ የሚመጣው ባለቤት ይህ አቅም የለውም።

ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ያልተጠየቀ ጥያቄ የኑሮው ነው። ካታሎጉ የታተመበት አገር ሰው ወለሉን እንዴት እንደሚኖርበትና እኛ እንዴት እንደምንኖርበት ይለያያል። ላሚኔትን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ስዊድን ውስጥ ፔርስቶርፕ የተባለ ኩባንያ የፈለሰፈው ነው፤ ላዩ ጭረት የማይበግረው ጠንካራ ሽፋን፣ ሆዱ ግን የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ። በእርጥብ ጨርቅ ለሚወለውል ቤት ጥሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ባልዲ ውሃ ደፍቶ በመጥረጊያ መግፋት እንደ እውነተኛ ጽዳት በሚቆጠርበት ቤት ግን ውሃው በመጋጠሚያው ይገባል፣ ጠርዙ ያብጣል፣ ያበጠውም ተመልሶ አይተኛም። ሻጩ «ወለሉን በምን ታጸዳላችሁ?» ቢል ኖሮ የቤቱ እመቤት በአንድ ቃል ትመልስለት ነበር።

ገበያው ፒቪሲ ወይም ኤስፒሲ የሚለው የፕላስቲክ ወለል ውሃ አይፈራም፤ ፍም ይፈራል። ቡና በከሰል በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጤስበት ቤት አንዲት ፍም ከምድጃው ብትወድቅ ጥቁር ጠባሳ ጥላ ትሄዳለች። እምነበረድም፣ የዳለቲው ነጭ ምን ቢያምር፣ አሲድ አይችልም፤ ሎሚና ሆምጣጤ ያረፈበት ቦታ ወዙ ይጠፋል። ኩሽናዋ ውስጥ እምነበረድ ያነጠፈችው ሴትዮ ይህን የምታውቀው የመጀመሪያውን ሰላጣ በሠራች ማግስት ነው።

የሚያብረቀርቀው ፖርሰሊን ደግሞ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ይህ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። ጀርመኖች ለዚህ ያወጡትን መለኪያ እወደዋለሁ፦ ሴራሚኩ ሰሌዳ ላይ ይነጠፍና ዘይት ይቀባል፤ ጫማ ያጠለቀ ሰው በላዩ ወደፊትና ወደኋላ ይራመዳል፤ ሰሌዳው ቀስ በቀስ ይዘቀዝቃል። ሰውየው መረጋጋት ያቃተው ማዕዘን የሴራሚኩን ደረጃ ይወስናል፤ ከአር9 እስከ አር13፣ አር9 ዝቅተኛው ነው። ቁጥሩ በብዙ ፋብሪካዎች ሰነድ ላይ ይገኛል። ለመታጠቢያ ቤትና ለበረንዳ ሴራሚክ የሚመርጥ ሰው ስለ ቀለም እንጂ ስለዚህ ቁጥር አይጠይቅም። እንዴት ይጠይቅ፣ መኖሩን ማን ነገረው?

ቁጥሩን ማስረዳት የከበደው ሱቅ ቀላሉን ያድርግ፦ ሁለት ሴራሚክ መሬት ላይ ያስቀምጥ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያፍስስባቸው፣ ገዢው ጫማውን አውልቆ ይርገጣቸው። እዚህ ላይ የሚገርመኝን ልናገር፤ ወለል በእኛ ሱቆች የሚሸጠው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። ሰው በእግሩ የሚኖርበትን ነገር በዓይኑ ልክ ቆሞ፣ በክንድ ርቀት ይመርጠዋል። በዚያ ላይ የሱቁ መብራት 6,500 ኬልቪን የሚደርስ ድርቅ ያለ ነጭ ነው፤ ማታ ቤቱ የሚበራው ደግሞ 3,000 ኬልቪን ገደማ የሆነ ቢጫማ አምፖል ሊሆን ይችላል። ግራጫውን ቡናማ ሆኖ ያገኘዋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አንድ ሙሉ ሴራሚክ በመያዣ ማዋስ። ገዢው ወስዶ ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ ማታ በአምፖል ያየዋል፣ ከበሩና ከመጋረጃው ጋር ያስተያየዋል። ሁለት ቀን ይዘገያል፤ ከዚያ በኋላ ግን «ይህን አልነበረም ያሳያችሁኝ» ብሎ አይመለስም።

አንድ የሙያ ነገር ላክል፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት እዚህ ስለሆነ። በዓለም አቀፉ መስፈርት ፖርሰሊን የሚባለው ውሃ የመምጠጥ መጠኑ ከክብደቱ 0.5 በመቶ የማይበልጠው ነው። ጥንካሬው ከዚህ ይመጣል፤ ጣጣውም ከዚሁ። ተራው የአሸዋና የሲሚንቶ ድብልቅ ሴራሚክን የሚይዘው ሴራሚኩ ውሃውን ሲስብለት ነው። የማይስበውን ፖርሰሊን በደንብ አይጨብጠውም፤ ለሱ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያስፈልጋል። ሠሪው ማጣበቂያ ለመቆጠብ አራት ማዕዘኑ ላይና መሐሉ ላይ ብቻ ጉብ ጉብ አድርጎ ከለጠፈው ደግሞ ሥሩ ባዶ ይቀራል፤ ሲንኳኳ ይጮኻል፣ የቁም ሳጥን እግር ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ሱቁ ውዱን ፖርሰሊን ሸጦ ስለ ማጣበቂያው ዝም ካለ ሽያጩን ያጋመሰው ራሱ ነው። ደንበኛን ጠቅሞ ለራስም የሚያተርፍ ምክር ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ይህ አንዱ ነው።

ስለ ዋጋ እንነጋገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ «ዋጋው የዛሬ ነው፣ የነገን አላውቅም» ሲል አይዋሽም። ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ሠላሳ ዓይነት ሴራሚክ ለጥፎ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ሻጭ ግን በዶላር ብቻ ሊያመካኝ አይችልም። የዛሬውን ዋጋ ከነቀኑ መጻፍ ይቻላል። ዋጋ የሚደበቀው የጠያቂውን አቅም ለመገመት ሲሆን ገዢውም ይገባዋል፤ ለዚህ ነው አንድ ሰው አምስት ሱቅ ዞሮ፣ ዘመድ ልኮ አስጠይቆ፣ አሁንም ተታለልኩ እያለ የሚገዛው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ አማረጥክ ወይም ዋጋ ተከራከርክ ተብሎ ለመግዛት ያለመገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብትም ሰጥቶታል። ትሕትና በአዋጅ መጻፉ ያስፈግግ ይሆናል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከሱ በፊት ያለው «በቂና ትክክለኛ መረጃ» የሚለው ነው። ቶኑ፣ የማንሸራተት ደረጃው፣ ማጣበቂያው ያልተነገረው ገዢ ምን በቂ መረጃ አገኘ?

አዋጁ ዕቃው ጉድለት ሲገኝበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብትም ይሰጣል፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ግን አሁንም በየካሸሩ ራስጌ ተለጥፎ ይኖራል። በወለል ላይ ሌላም ችግር አለ። ሰው ዋጋ ሳይጨምር ብሎ ሴራሚኩን አስቀድሞ ይገዛና ቀለሙ፣ ኤሌክትሪኩ፣ በሩ እስኪያልቅ ያስቀምጠዋል። አሥራ አምስቱ ቀን ካርቶኑ ሳይከፈት ያልፋል። ያለ ደረሰኝ የገዛው ደግሞ መብቱን በምን ያስረዳል? ትንሽ ሊቀነስለት ብሎ ማስረጃውን ሸጧል። ስለዚህ ካርቶን ከሱቁ ሳይወጣ ሁለት ሦስቱን ከፍቶ ማሳየት፣ የሚነጠፍበትን ወር ጠይቆ የመመለሻውን ቀን ከዚያ ጋር ማስማማት የደግነት ጉዳይ አይደለም፤ በኋላ የሚመጣውን ጭቅጭቅ ቀድሞ ማስቀረት ነው።

ገዢው በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን ነገር በተመለከተ መተማመን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አሜሪካኖቹ በውድ ተምረዋል። ከትልልቆቹ የወለል ቸርቻሪዎች አንዱ የነበረው ላምበር ሊኩዌዴተርስ ቻይና የተሠራ ላሚኔት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የሲቢኤስ ፕሮግራም የአንዳንዱ ላሚኔት የፎርማልዴሃይድ ልቀት ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው የካሊፎርኒያ መስፈርት በላይ መሆኑን አጋለጠ። ኩባንያው ለደንበኞቹ የቤት አየር መመርመሪያ በነፃ ሲያድል ከረመ፤ በ2019 ባለአክሲዮኖችን በማሳሳት ለቀረበበት ክስ 33 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ስሙንም ቀየረ፤ በ2024 የመክሰር ጥበቃ ጠየቀ። ለውድቀቱ ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ቢሆንም የተነጠፈ ወለል ላይ ልጁ የሚድህበት ሰው የማሸጊያ ጽሑፍ አላምንም ካለ በኋላ ምንም ያማረ ሱቅ አይመልሰውም።

ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። የሱቅ ኪራዩ ይታወቃል። ናሙናው እዚህ፣ መጋዘኑ ሌላ ክፍለ ከተማ ነው። ፊት ለፊት የሚቆመው ልጅ ትናንት ጫማ ይሸጥ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ቶን ምን እንደሆነ ማንም አላስተማረውም። ገዢ ይዞ ለመጣ ሴራሚክ ሠሪ ኮሚሽን ይከፈላል፤ ኮሚሽኑ በካሬው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ከገዢው ኪስ ይወጣል፤ ሠሪውም ጥሩውን ሱቅ ሳይሆን በደንብ የሚከፍለውን ይመክራል። ይህን ገንዘብ በግልጽ ወደ ሥራው ማዞር ይቻላል። ሱቁ በእጃቸው የሚተማመንባቸውን ጥቂት ባለሙያዎች ያውቃል፤ ስማቸውን ለገዢው ይስጥ፣ ሥራቸው ባዶ ድምፅ ካሰማ ተመልሰው እንዲያነሡት ይስማማ፣ ክፍያውን ከዚያ ጋር ያያይዘው።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም የሚል ባለ ሱቅ ቢያንስ ከአንዱ ይጀምር። ደረሰኙ ሲቆረጥ ጀርባው ላይ የካርቶኑን ቶንና ካሊበር ይጻፍበት፤ ገዢው ከዓመት በኋላ ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት ሴራሚክ ቢያስነሣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ሁለት ቁጥር መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እስክሪብቶውም እንደሆነ በገመድ ታስሮ ካሸሯ አጠገብ ተንጠልጥሏል፣ ማንም እንዳይወስደው።